የአባባ ኩሬና የእማማ ዱካሌ ሻፌታ

አያቴ ካረፉ በኋላ የእንጨት ሣጥናቸውን የከፈትነው እናቴና እኔ ነን። ከላይ የታጠፈ ጋቢ ነበር፣ ከሥሩ ካፖርታቸው፤ ካፖርቱ ውስጥ ደግሞ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ አንድ ሻፌታ ወጣ። ሻፌታ ሲዳማዎች ምግብ የሚያቀርቡበት የሸክላ ገበታ ነው። እናቴ ገና ስታየው «ውይ!» ብላ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። እኔ አነሣሁና አሸተትኩት። መጀመሪያ የብል መድኃኒት ሸተተኝ፣ ቀጥሎ ደረቅ ሸክላ። የቅቤ ሽታ የለውም። የትም ቤት ያለ ሻፌታ ቅቤ ቅቤ ይላል፤ ይኼኛው ግን ቅቤ ነክቶት አያውቅም። ለምን እንዳልነካው ስለማውቅ፣ ያን ያህል ዓመት አልፎም ፊቴ ጋለ።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ አባባ የምላቸው አያቴ ጡረታ ሳይወጡ በሠሩት ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ጤና ጣቢያ ነርስ ስለነበረች ቀን ቀን ቤት አትገኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን የሚከፍቱልኝ አባባ ናቸው፤ ምሳ የሚያበሉኝ ግን ጎረቤታችን እማማ ዱካሌ ነበሩ። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለው አጥር አንድ ቦታ ላይ ተሸንቁሮ ነበር። ቦርሳዬን እወረውርና በሽንቁሩ ሾልኬ እገባለሁ። እማማ ዱካሌ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጃቸው አስቴር ገና ያላገባች፣ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ነበሩ። ከቤታቸው ጀርባ እንሰት ተክለዋል። እንሰቱ ሥር በቀትርም ቢሆን ይቀዘቅዛል። እዚያ ቁጭ ብዬ ከእንሰት የሚዘጋጀውን ዋሳ በጎመን እየበላሁ እሳቸው በሲዳምኛ ሲዘምሩ እሰማለሁ። አማርኛቸው የራሳቸው ነበር፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቁም። ለአባባም «ጋሽ ይልማ፣ አንተ እኮ ፀሐይ ላይ ብዙ ትቆማለህ» ነው የሚሏቸው። አባባ ሌላ ሰው አንተ ቢላቸው ቀኑን ሙሉ ያኮርፋሉ፤ እሳቸውን ግን ይስቁላቸው ነበር።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። መጋዘን ሲጠብቅ የኖረ ሰው አንድ ነገር ያምናል፤ ዕቃ ከጎደለ ሰው ወስዶታል። አይጥ በላው፣ ዝናብ አበላሸው ብሎ ነገር አያውቁም። ቤት ውስጥ ስኳር ከቀነሰ እንኳ መጀመሪያ የሚያዩት የእኔን ከንፈር ነው። እርግጥ ስኳሩን አብዛኛውን ጊዜ የምወስደው እኔ ነበርኩ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ እጃቸው ሥራ ፈታ። አንድ ቀን ግብርና ቢሮ የጓሮ ዓሣ እርባታ ሥልጠና ይሰጣል ሲባል ሰምተው ሄዱና፣ የዓሣ ኩሬ ካልቆፈርኩ ብለው ተመለሱ። ቆፈሩም። ከታች ላስቲክ ይነጠፍ ሲሏቸው «ዓሣ በላስቲክ ላይ ኖሮ ያውቃል?» አሉና ዋልካ በጋሪ አስመጡ። ዋልካውን የረገጥነው እኔና የሰፈር ልጆች ነን። እማማ ዱካሌም ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከእኛ ጋር ሲረግጡ፣ ሲንሸራተቱ፣ ሲስቁ አስታውሳለሁ። ውሃው ሞላ፣ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች ገቡ። አባባ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ ቆጥረው ነው የለቀቋቸው። ዓሣዎቹ ለዐቢይ ጾም እንዲደርሱላቸው ፈልገው ነበር። ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም በሚለው ከእናቴ ጋር በየዓመቱ ይከራከራሉ፤ እናቴ በሽሮዋ ትጸናለች፣ አባባ ደግሞ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ወርደው ዓሣ ገዝተው ይመጣሉ። ያን ዓመት ግን የራሳቸውን ዓሣ ከጓሯቸው አውጥተው ሊበሉ ነው። ለሰው ሁሉ ተናግረዋል። የእድር ጓደኞቻቸውን ሳይቀር ጋብዘዋል።

በጋው ሲበረታ ውሃው መጉደል ጀመረ።

አባባ መጀመሪያ ፀሐይን ጠረጠሩ። ኩሬው ውስጥ ችካል ተክለው በቢላ ምልክት አደረጉበትና ጠዋት ጠዋት ተንበርክከው ያዩት ጀመር። ፀሐይ በሌለበት ሌሊትም ይጎድላል። ቀጥለው ጣሪያው ላይ የሚቆመውን አባ ኮዳ ጠረጠሩ። ያ ራሰ በራ ወፍ ዓሣ ሊለቅም እንደሚመጣ ግልጽ ነው፤ ውሃ ግን አይወስድም። እኔ በበኩሌ ውሃው የት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ከመሬት በታች አድርጎ ወደ ሀዋሳ ሐይቅ፣ ወደ እናቱ ነው የሚሄደው። ይህንን ለአባባ ስነግራቸው «የኔ ሞኝ» ብለው ራሴን ዳበሱኝ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በተራችን ቀን የመጣው ውሃ ሁሉ ወደ ኩሬው እየገባ፣ እናቴ ልብስ የምታጥብበት እስክታጣ ድረስ ደረሰ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባባ አጥሩ ጋ ቆመው ወደ እማማ ዱካሌ ጓሮ ሲያዩ አገኘኋቸው። ሰፈሩ ሁሉ በበጋው ደርቋል። የእኛ ኮባ እንኳ ቅጠሉ ተሰነጣጥቋል። የእማማ ዱካሌ እንሰት ግን፣ በተለይ ወደ አጥሩ የተጠጋው፣ ዓይን እስኪያሳክክ አረንጓዴ ነበር።

«ቤዛ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እማማ ዱካሌ ውሃ ሲያጠጡ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«አየሽ?» አሉ። ምን እንዳየሁ አልገባኝም።

በዚያው በአጥሩ ላይ ጠየቋቸው። እማማ ዱካሌ አልተቆጡም፤ አጎንብሰው ከአንዱ እንሰት ሥር የተቆለለ ለስላሳ አፈር በእጃቸው ዝቀው አሳዩዋቸው። «ፍልፈል ነው ጋሽ ይልማ። የእኔንም እንሰት ሥር እየበላ ነው። ባንተም ኩሬ ዳር ገብቶ ይሆናል፣ እይ።»

«ፍልፈል ሥር ነው የሚበላው» አሉ አባባ። «ውሃ ምን ይሠራለታል?»

«ውሃ አይፈልግም። ያልፋል ብቻ። ሲያልፍ ይበሳል።»

አባባ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ግን ያ የመጋዘን ፊታቸው መጥቶ ነበር። የጎደለውን ዕቃ አይጥ በላው ያላቸው ዘበኛ ፊት እንዲህ ነበር የሚሆኑት መሰለኝ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሽንቁሩ በቆርቆሮ ተመርጎ፣ ዙሪያው በሚስማር ተመቶ አገኘሁት። ቦርሳዬን ይዤ ቆርቆሮው ፊት ቆምኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ምሳሽን ቤትሽ ትበያለሽ» አሉ አባባ፣ ከጀርባዬ። የቀዘቀዘ ማካሮኒ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን እኔ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው የመሰለኝ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት የእድሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። አባባን ይዘው ወጡና በእማማ ዱካሌ በር ገቡ። ሽማግሌ ጋቢ ለብሶ ሴት ቤት ሲሄድ ለምን እንደሚሄድ ማንም ልጅ ያውቃል። የአክስቴ ጊዜ አይቻለሁ። አባባ ሚስታቸው ሞታለች፣ እማማ ዱካሌም ባላቸው የለም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቆርቆሮው ሊነሣ ነው፣ ምሳዬም ሊመለስ ነው። በመንገድ በኩል ዞሬ ሮጥኩና በራፋቸው ላይ ደረስኩባቸው። ሽማግሌዎቹ ወደ ጓሮ ሲያልፉ እማማ ዱካሌን ቀሚሳቸውን ይዤ «አባባን ሊያገቡ ነው አይደል?» አልኳቸው።

አዩኝ። ከዚያ አገጬን በጣታቸው ነካ አድርገው «አይደለም ልጄ፤ ሌባ ሊፈልጉ ነው የመጡት» አሉኝ። ሌባው ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ሽማግሌዎቹን ተከትለው ወደ ጓሮ ሄዱ።

አባባ እድሩ ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ተነሥተው «ውሃዬ ከመሬት በታች በቱቦ እየተጠለፈ ነው» ብለው ከስሰው ነበር ለካ። ስም አልጠሩም ይባላል። የማን አጥር ከእኛ አጥር ጋር እንደሚዋሰን ግን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ እፍረት እፍረት እያላቸው «እንግዲህ ወይዘሮ ዱካሌ፣ ነገሩ እንዲጠራ ያህል…» ሲሉ፣ እማማ ዱካሌ ራሳቸው ዶማ አምጥተው ሰጧቸው። «ቆፍሩ» አሉ። «ከየት እንደምትጀምሩ እሱ ይንገራችሁ።»

አባባ ያመጡት ቀን ሠራተኛ በአጥሩ ሥር ቦይ መቆፈር ጀመረ። ቱቦ የለም። «ትንሽ ወደ ውስጥ» አሉ አባባ። የመጀመሪያው እንሰት ወደቀ። የእንሰት አወዳደቅ ድምፅ የለውም፤ በውሃ የተሞላ ግንዱ ዝም ብሎ ይጋደማል። ቱቦ የለም። «ወዲህ ደግሞ።» ሌላው ወደቀ። አስቴር ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ትልቁ እንሰት ጋ ሲደርሱ እማማ ዱካሌ «እሱን ለፊቼ ነበር ያቆየሁት» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ፊቼ ጨምበላላ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ያን ዓመት ዐቢይ ጾማችን ላይ ነበር የሚውለው። አባባ ሰምተዋል። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ እንደሰሙ አውቃለሁ። ግን ሠራተኛውን ቁም አላሉትም።

ከሱ ሥር ክንድ የሚያስገባ ለስላሳ ቀዳዳ ወጣ። እማማ ዱካሌ በጣታቸው እያመለከቱ «ይኸው መንገዱ» አሉ። አባባ አጎንብሰው አዩና «አሮጌ ጉድጓድ ነው» አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቧራውን ከጋቢው እያራገፈ «ጋሽ ይልማ፣ በቃ» አላቸው። እማማ ዱካሌ ለሁሉም እጅ መታጠቢያ ውሃ አቀረቡ። ለአባባም እያፈሰሱ «ይታጠቡ» አሏቸው። የመጀመሪያው «እርስዎ» ያ ነበር። አባባ እጃቸውን ሳያደርቁ ወጡ።

ያን ቀን አፍሬ ነበር፤ ግን የምን እፍረት እንደሆነ አላውቀውም ነበር። ትምህርት ቤት ለጓደኛዬ አያቴ ሊያገቡ ነው ብዬ አውርቼ ስለነበር በሱ ያፈርኩ መስሎኝ ነበር።

ቦዩን ማንም አልደፈነውም። ኩሬው ውሃ መጣሉ ባሰበት። አባባ ቀዳዳ የመሰላቸውን ሁሉ በዋልካ ሲመርጉ፣ ሲረግጡ ይውላሉ። ጾሙ ገብቶ ነበር፤ ጓደኞቻቸው «ዓሣው እንዴት ሆነ?» ሲሏቸው «እየወፈረ ነው» ይላሉ።

አንድ እሑድ ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ እኔ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን ስቆርጥ፣ ከጓሮ ቡልቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ የኩሬው ዳር በአጥሩ በኩል ተደርምሶ ውሃው እየተሽከረከረ ወደ ታች ይገባል። አባባ በሸሚዝ ብቻ ወጥተው አካፋ ይዘው ቆመዋል፤ በአካፋው ግን ምንም አያደርጉም። ትንሽ ቆይቶ ኩሬው ባዶ ጭቃ ሆነ። ጭቃው መሃል ሁለት ዓሣዎች ይንፈራገጣሉ። ከቆርቆሮው ባሻገር ግን ትልቅ መንቦጫረቅ ይሰማል።

በሚስማር ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ውሃው በፍልፈሉ መንገድ አድርጎ አባባ ያስቆፈሩትን ቦይ ሞልቶታል። ቦዩ ውስጥ የአባባ ዓሣዎች ይተራመሳሉ። እማማ ዱካሌ የእሑድ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገብተዋል፤ ዓሣ እየያዙ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ይከታሉ። ለጸሎት ሊወጡ የለበሱት ነጠላ አንድ የቀረ እንሰት ላይ ተንጠልጥሏል። ከቦዩ ዳር ደግሞ አንዲት ነገር ወድቃለች፤ ቡኒ፣ ጸጉሯ በውሃ የተጣበቀ፣ ከእጄ ብዙም የማትበልጥ። ዓይኗ አይታይም። ጥርሶቿ ግን ረጅምና ቢጫ ናቸው። ፍልፈል አይቼ አላውቅም ነበር፤ እንደ ውሻ ያለ ነገር ነበር የጠበቅሁት። ሦስት ሽማግሌዎች ይቺን ነው ያጧት?

ዞር ስል አባባም በሌላው ቀዳዳ ያያሉ።

ሽንቁሩ ስለተዘጋ እማማ ዱካሌ ሳፋውን ተሸክመው በመንገድ ዞረው ነው የመጡት። ከአስቴር ጋር በሁለት በኩል ይዘውታል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው፣ ባጃጅ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያያቸዋል። በራችንን በእግራቸው ገፋ አድርገው ገቡና ሳፋውን አባባ እግር ሥር አስቀመጡት። ቀሚሳቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ስለ ፍልፈሉ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ስለ እንሰታቸውም፣ ስለ እድሩም ምንም አላሉም።

«ዓሣዎ መጥቶብኝ ነበር» አሉ።

አባባ ሳፋው ላይ አጎነበሱ። አሁን ይቅርታ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እግራቸው ላይ ሊወድቁ እንደሚችሉም አስቤ ፈራሁ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቆጠሩ ነበር። ከዚያ ቀና አሉና «ሁሉም ናቸው?» አሏቸው።

ዛሬ ሳስበው ያን ማለት የፈለጉ አይመስለኝም። ሌላ ቃል አጥተው፣ አፋቸው ዕድሜ ልኩን የለመደውን አለ። ለእኔ ግን ምን ለውጥ ያመጣል? ተባለ። አስቴር ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ብዬ ወደዚያ ባዶ ኩሬ አየሁ።

እማማ ዱካሌ ጭቃ የነካውን እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። «አንዱን ድመት ወሰደብኝ» አሉ። «እሱን ይቅር ይበሉኝ።»

ይቅርታውን የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ዓሣዎቹን ማን እንደበላቸው እንኳ አላውቅም። አባባ አልነኳቸውም። ያን ጾም ከእናቴ ጋር ሽሮ በሉ። ሚስማሮቹንም በጉጠት አንድ በአንድ ነቅለው ቆርቆሮውን አነሡ። «ሂጂ እንግዲህ» አሉኝ ወደ ሽንቁሩ እያሳዩ። ሄድኩ፤ እስከ አጥሩ ድረስ። ከዚያ ማዶ የተጋደሙት እንሰቶች ይታያሉ። ቦርሳዬን መወርወር አቃተኝና ተመለስኩ።

ፊቼ ደረሰ። የጨምበላላ ቀን የሰፈሩ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ!» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ በየቤቱ ይበላሉ፣ ጸጉራቸው ላይ ቅቤ ይደረግላቸዋል። በየዓመቱ ጸጉሬ በቅቤ ረጥቦ እመለስ ነበር፤ ጾም ላይ ሲውል ደግሞ እናቴ «በጾም ቅቤ ቅቤ ትያለሽ» ብላ ትስቅ ነበር። ያን ዓመት በመስኮት አየኋቸው። ጩኸታቸው ወደ እማማ ዱካሌ ቤት ገባ፣ ወጣ፣ ራቀ። በኋላ በራችን ተንኳኳ። አስቴር ናት። በቅጠል የተሸፈነ ሻፌታ ለእናቴ ሰጥታ፣ ግቢ ብትላትም እምቢ ብላ ሄደች።

ቡርሳሜ ነበር፤ ዋሳ ታሽቶ የሚሠራ የበዓል ምግብ። ቡርሳሜ ያለ ቅቤ አይሆንም፤ ቅቤው ከጎኑ እስኪፈስ ነው የሚታሸው። እናቴ «አይ፣ እኛ እኮ ጾም ላይ ነን፣ ረስተውት ነው» አለች። አባባ ሻፌታውን ወደ ራሳቸው ሳቡና አጎንብሰው አሸተቱት። እንደገና አሸተቱት። ከምግቡ ትንሽ ቆንጥረው ቀመሱ።

«በዘይት ነው» አሉ።

ከዚያ ሻፌታውን ከፍ አድርገው ከሥሩ አዩት፣ በአውራ ጣታቸው አሹት። አዲስ ነበር። የሸክላው ቀለም እንኳ ገና አልበሰለም። ቤታቸው ያሉት ሻፌታዎች ሁሉ ቅቤ የጠጡ ናቸው፤ ቅቤ በነካው ዕቃ ደግሞ እኛ በጾም እንደማንበላ ያውቃሉ። እሳቸው ራሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ጾማችን አይመለከታቸውም። ለእኛ ሲሉ ገበያ ወጥተው ያልተነካ ሻፌታ ገዝተዋል። ዋሳውም ከዚያ ያለ ዕድሜው ከወደቀ እንሰት የመጣ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አባባ ቁራሹን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ማላመጥ አቆሙ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እናቴም አብራ አየች፣ ሁለታችንም ያላየን መሰልን።

እናቴ ሻፌታውን አጥባ «ምን አድርገን እንመልሰው?» አለች። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። አባባ «እኔ አስብበታለሁ» አሉ። ዓሣ እንዳይሉ፣ ያንኑ ዓሣ አምጥተውላቸዋል። ማር አሉ፤ ማሩ አነሰባቸው። ልብስ ጨርቅ አሉ፤ ጉቦ ይመስላል አሉና ተዉት። በቆየ ቁጥር የሚሞላበት ነገር እየከበደ ሄደ። ክረምቱ ገባ፣ ኩሬው በዝናብ ሞላ፣ እንቁራሪት ወረሰው። በዓመቱ እናቴ ሐይቅ ዳር ወዳለ ጤና ጣቢያ ስትዛወር አባባ ቤቱን ሸጠው አብረን ወጣን። ሻፌታውን ማን እንደጠቀለለው አላየሁም። እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በባጃጅ በሚደረስ ርቀት፣ ይህን ሁሉ ዓመት ኖርን። የእማማ ዱካሌን ማረፍ እንኳ የሰማነው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው።

ሣጥኑን በከፈትን ማግስት ወደ ምሥራቅ ሄድኩ። እናቴ «ባዶውን እንዳትወስጂው» ስላለችኝ መንገድ ላይ ሙዝ ገዝቼ ሞላሁበት። ይኼው ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ያጣነው ነገር ሙዝ ነበር። የድሮው አጥር በብሎኬት ተተክቷል። ከብሎኬቱ በላይ ግን የእንሰት ቅጠል ይታያል።

በሩን የከፈተችው አስቴር ናት። ጸጉሯ ሸብቷል። መጀመሪያ እኔን አላወቀችኝም፤ ሻፌታውን ነው ያወቀችው። ተቀበለችኝና ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችው። እኔ ማለት የነበረብኝን በባጃጁ ውስጥ ስለማመደው መጥቼ ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ።

«እንላት ነበር እኮ» አለች አስቴር። «ሄደን እናምጣው ስንላት፣ ‹ተዉት፤ ዕቃዬ እነሱ ጋ ካለ መምጫ ምክንያት አላቸው› ትል ነበር። ሰው በሩን ባንኳኳ ቁጥር እናንተ ትመስሏት ነበር።»